ስለ ወለተ ሐና የቀጋ አጥርና ስለ ተደረገለት ጥበቃ

የሰው ልጅ ታሪክ በጦርነት፣ በድርቅና በግብር ጭማሪ የተሞላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ የእሾህ ቁጥቋጦ አስቦ እንቅልፍ ያጣበት ዘመን ግን አንዴ ብቻ ነው የታየው፤ እሱም በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በሰቆጣ ነው። ይህን የሚያህል ደግነት ሳይጻፍ ቢቀር ነውር ስለሚሆን፣ እነሆ ተጻፈ።

ነገሩ የተጀመረው በደብዳቤ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «የአገሩ ተወላጅ የሆነ፣ አበባ የሚሰጥ፣ ለአእዋፍ፣ ለንብና ለልዩ ልዩ የዱር አራዊት ምግብና መጠለያ የሚሆን ቁጥቋጦ በመሥሪያ ቤታችሁ ግቢ ተተክሎ እንዲለማ፤ አፈጻጸሙንም በመጋቢት የሚመጣው ተቆጣጣሪ በዐይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ።»

ደብዳቤውን የተቀበሉት ዋና ጸሐፊው አቶ ደጅይጥኑ ነበሩ። አቶ ደጅይጥኑ ደብዳቤን እንደ ዳዊት የሚደግሙ፣ የደገሙትንም ፊደል ሳያጎድሉ የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ቁም ነገሩ ሊጎድል ይችላል፤ ፊደሉ ግን አይጎድልም። ሦስት ጊዜ ካነበቡት በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለሚተከለው ቁጥቋጦ ቦታ ይጸዳ!» ሲሉ አዘዙ።

ቦታው ተጸዳ። ከግቢው በስተጀርባ፣ በድንጋዩ ካብ ጥግ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቀጋ ነበር። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ነጭ አበባው ሲፈነዳ ንብ ይወረዋል፤ ቀዩ ፍሬው ሲበስል የወፍ ገበያ ይሆናል፤ ከሥሩ ደግሞ ቆቅ ትፈለፍላለች። በሁለት ቀን ተመንጥሮ ተቃጠለ። ዘበኛው ወልደ ሐዋርያት ቆቋ ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ገደሉ ስትሮጥ አየና፣ «ጌታዬ፣ ይቺስ የዱር እንስሳ አይደለችም?» አላቸው።

«ናት እንጂ። ቁጥቋጦው ሲተከል ትመለሳለች» አሉት።

አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለዋል። ነገር ግን አባቶች መሥሪያ ቤት አልነበራቸውም።

ግቢው እንደ መላጣ ራስ ከጸዳ በኋላ ቁጥቋጦ ፍለጋ ተጀመረ። የተገኘው ያው ቀጋ ነው። ደብዳቤው ግን «የአገሩ ተወላጅ» ስለሚል አቶ ደጅይጥኑ ትውልዱን ሳያጣሩ ወደ ተግባር መግባት አልፈለጉም። ሦስት ሽማግሎች ተጠርተው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው ቀረቡ።

«ቀጋ የተባለው ቁጥቋጦ የዚህ አገር ተወላጅ ነው?»

«ነው» አሉ ሦስቱም።

«በምን አወቃችሁ?»

«እኛ ስንወለድ ነበረ።»

«ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ላለመሆኑ ማስረጃ አላችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። ሦስተኛው ግን በዕድሜም በክርክርም የበሰለ ነበርና፣ «ጌታዬ፣ እሾሁን አይተውታል?» ሲል ጠየቀ።

«አይቻለሁ።»

«ይህን ጠባይ ይዞ ቢሰደድ የሚያስጠጋው ማን ነው?»

ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ «ተወላጅነቱ በበቂ ማስረጃ ተረጋግጧል» ተብሎ ሰፈረ።

ከመሥሪያ ቤቱ ቁልቁል፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ወለተ ሐና ትኖራለች። አርባ ክንድ የሚሆን የቀጋ አጥር አላት። የተከለው ባሏ ነው። እሱ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሰው ስለ ባሏ ሲያነሳባት እሷ ስለ አጥሩ ትመልሳለች። «ዘንድሮ ቶሎ አበበ» ወይም «በጥጉ በኩል ትንሽ ሳስቷል» ትላለች፤ ጠያቂውም የጠየቀውን የሰማ ይመስለውና ይሄዳል። ከአጥሩ ውስጥ አምስት ቀፎ አላት። በበጋ የሜዳው አበባ ሁሉ ሲረግፍ ንቦቹን የሚያቆያቸው ይህ ቀጋ ነው። ቀጋው ከሄደ ንቡ ይሄዳል፤ ንቡ ከሄደ ደግሞ ወለተ ሐና የምትተዳደርበት ሌላ ነገር የላትም። ከንቦቿ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ከመንግሥት ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች፤ በሁለቱም ቢሆን ቃል አታበዛም።

በየካቲት አጋማሽ አቶ ደጅይጥኑ ዘበኛቸውን አስከትለው ከደጇ ቆሙ።

«እመት ወለተ ሐና፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። ምን ተገኘ?»

«አጥርዎ ለመንግሥት ሥራ ተመርጧል።»

«አጥሬ ሥራ አለው ጌታዬ።»

«ይነቀልና ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ይተከላል። ለአእዋፍና ለንብ መጠለያ ይሆናል።»

ወለተ ሐና ዞር ብላ አጥሯን አየችው። ወፎቹ ከውስጥ ይንጫጫሉ፤ ንቡ ከላይ ያጉረመርማል። ለመነጋገር እንኳ ድምፅን ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

«አሁን ምን እየሆነ ይመስልዎታል?» አለች።

«አሁን ያለው ያለ መመሪያ የሆነ ነው።»

«ቀጋ የሚተከለው በሐምሌ ነው ጌታዬ። በዚህ ፀሐይ ከነቀሉት ይደርቃል።»

«ደብዳቤው ሐምሌን አያነሳም፤ የሚያነሳው መጋቢትን ነው» አሉና፣ ርኅራኄ የማያውቁ እንዳይመስሉ አከሉ፦ «ለጊዜው ለሙከራ ስድስት ግንድ ብቻ ይወሰዳል። የቀረው ተቆጣጣሪው ሊደርስ ሲል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

ስድስቱ ከጥጉ በኩል ተነቀሉ። ክፍተቱ ፍየል የሚያስገባ ሆነ። ወለተ ሐና ድንጋይ እየለቀመች ደረደረችበት። በማግስቱ ነጠላዋን አደግድጋ ከመሥሪያ ቤቱ በር ቆመች። ጉዳይዋን ሳትናገር፣ «ሰኞ ብቅ ይበሉ» ተባለች።

በግቢው ውስጥ ስድስቱ ቀጋዎች ክብር አገኙ። ዙሪያቸው በኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከበበ፤ ከድንጋዩ ውጭ ሽቦ ተወጠረ፤ ከሽቦው ላይ «የመንግሥት ቁጥቋጦ። መቅረብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የሰቆጣ ወፎች ግን ማንበብ አይችሉም። ንቦቹም ትናንት የቀሰሙት አበባ የት እንደ ሄደ ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። አቶ ደጅይጥኑ በመስኮት ሲመለከቱ ደማቸው ፈላ።

«ወልደ ሐዋርያት! ምን ይታይሃል?»

«ንብ ጌታዬ።»

«የመንግሥት አበባ ላይ ምን ታደርጋለች?»

«እንደ ደብዳቤው፣ ትቀስማለች ጌታዬ።»

«ደብዳቤው ለአራዊት ይተከል አለ እንጂ አራዊት ይንኩት አለ? ተቆጣጣሪው መጥቶ አበባው ተቀስሞ፣ ቅጠሉ ተበልቶ ቢያገኘው የሚጠየቀው ማን ነው? ንቧ ናት?»

«እሷማ ትበራለች።»

«እንግዲያው ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ማንም አይቀርብም!»

ስለዚህ ወልደ ሐዋርያት ለወፉ ወንጭፍ፣ ለንቡ ጭራ ተሰጥቶት ቆመ። በጭራ ንብ ለማባረር የሞከረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ዐይኑ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ ጥበቃውን ግን በቀረው ዐይን ቀጠለ። ወለተ ሐና ቅቤ ይዛ መጥታ እብጠቱን እየቀባችለት፣ «አይዞህ፣ ሥራቸውን እንጂ አንተን ጠልተው አይደለም» አለችው።

«እኔስ ሥራዬን እንጂ እነሱን ጠልቼ ነው እመት?» አላት።

ዐይኑ ተዘግቶ ሳለ ግን አንዱን ቀጋ ፍየል በላው፤ ሌላውን ደግሞ የሠፈር ሰው ለዶሮ ቤት መዝጊያ ቆርጦ ወሰደው። ከስድስቱ አራት ቀሩ። አቶ ደጅይጥኑ ሌሊቱን ሲያሰላስሉ አድረው፣ ከሕግ የሚጠነክር መላ አገኙ፦ ግዝት። ሰቆጣ ውስጥ ሰሌዳ የማይፈራ ሞልቷል፤ የቄስ ቃል የማይፈራ ግን የለም። በጠዋቱ የደብሩን ካህን መምሬ ገብረ ጻድቅን አስጠሩ።

መምሬ ገብረ ጻድቅ ነገሩን ሰምተው ጺማቸውን ዳበሱ። «ግዝት ቀልድ አይደለም ጌታዬ። ከአፍ ከወጣ በኋላ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን ያስራል። ምን ብዬ ልገዝት? ቃሉን ለይተው ይንገሩኝ።»

«ቃሉን እኔ አረቅቅልዎታለሁ፤ እርስዎ ያነቡታል» አሉ አቶ ደጅይጥኑ፤ ብዕራቸውንም ነክረው ጮክ እያሉ መጻፍ ጀመሩ፦ «በመሥሪያ ቤቱ ግቢ በተተከለው ቀጋ ላይ እጁን ያነሳ…»

ያ ቀን ሰኞ ነበር። ወለተ ሐና እንደ ተቀጠረችው ከበሩ ቆማለች።

«ጌታዬ፣ ይቅርታዎን…»

«የእርስዎ ጉዳይ ለሚመጣው ሰኞ ነው እመት።»

«የኔ አይደለም። የመንግሥት ነገር ነው።»

ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ሌባው ቢያዝና፣ 'የቆረጥሁት የመንደር ቀጋ ነው፤ የመንግሥቱን መች ነካሁ?' ቢልስ? ቀጋ እንደሁ መልኩ አንድ ነው።»

ብዕሩ ቆመ። አቶ ደጅይጥኑ የሠላሳ ዓመት የጽሕፈት ልምዳቸው በአንዲት ባልቴት ሲታረም ሊቆጡ ነበር፤ ግን ፍጹም የሆነ ጽሑፍ የመጻፍ ፍቅር በለጠባቸው። የጻፉትን ሰርዘው፣ «በሰቆጣና በዙሪያዋ በሚገኝ በማናቸውም ቀጋ ላይ…» ብለው ጻፉ።

መምሬ ሳል ሳል አደረጋቸው። «ማናቸውም የሚለው አልሰፋም ጌታዬ?»

«ጥንካሬው መስፋቱ ነው! እጁን ያነሳ፣ የቆረጠ፣ የነቀለ፣ በሥሩ የቆፈረ…»

«'ታዝዤ ነው' የሚልም አይጠፋም» አለች ወለተ ሐና፣ ለራሷ የምትናገር መስላ።

«…በማንም ትእዛዝ ቢሆን!» አሉና ጻፉት። ከዚያም የጎረቤት ሴቶች እጣቢያቸውን ከካቡ አሳልፈው እንደሚደፉ ትዝ አላቸው፤ ስለዚህ በራሳቸው ሐሳብ «ውሃም ያፈሰሰ» የሚል ጨመሩ።

መምሬ ገብረ ጻድቅ ወለተ ሐናን አዩዋት። ወለተ ሐና የነጠላዋን ጥለት ታያለች። ጽሑፉ ማኅተም ተመታበት። እሷም የመጣችበትን ጉዳይ ሳታነሳ እጅ ነስታ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ከደጀ ሰላሙ ቆመው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ ማኅተሙ አነበቡት፤ «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቻለሁ!» ብለውም ጨረሱ። ሕዝቡ አማተበ። አቶ ደጅይጥኑ ከፊት ቆመው የራሳቸውን ቃላት ሲሰሙ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

በማግስቱ፣ የቀረው አጥር የሚነቀልበት ቀን ነውና፣ አራት ቆፋሪዎች ዶማቸውን ተሸክመው ከወለተ ሐና ደጅ ደረሱ። አጥሩን ሲያዩ እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ ተነጋገሩ። ከዚያም ዶማቸውን አስቀመጡ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ አቶ ደጅይጥኑ።

«ቀጋ ነው እኮ ጌታዬ» አለ ታላቃቸው።

«ቀጋ መሆኑንማ በምስክር አረጋግጫለሁ! ቆፍሩ!»

«ግዝት አለበት።»

«ግዝቱ ለሌባ ነው! ያስገዘትሁት እኔ፣ የጻፍሁት እኔ!»

«'በማንም ትእዛዝ ቢሆን' ይላል። ጌታዬ፣ እኔ ሦስት ልጅ አለኝ።»

«ልጆችህን ማን ጠየቀህ?»

«ግዝቱ ይጠይቃቸዋል።»

አቶ ደጅይጥኑ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። በቀጥታ ወደ ገበያው ወርደው ከጨው ነጋዴው ከኢድሪስ ሱቅ ገቡ።

«ኢድሪስ፣ አንተን የቄስ ግዝት አይይዝህም።»

«አይይዘኝም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ዶማ ያዝና ተከተለኝ።»

«ግዝቱ አይይዘኝም፤ ገበያው ግን ይይዘኛል» አለ ኢድሪስ፣ ሚዛኑን እያስተካከለ። «የተገዘተ ነገር በነካ እጄ ጨው ብሰፍር ማን ይገዛኛል? ደግሞም የጎረቤትን ግዝት መጣስ በእኛም ነውር ነው። ዶማውን ከፈለጉ ግን አውስዎታለሁ።»

ዶማውን ተዋሱ። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከአጥሩ ፊት ቆሙ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ዶማውን እስከ ትከሻቸው አነሱት፤ እዚያው ላይ ቆየ። ፈርተው ነው ያለ ሰው ተሳስቷል፤ ዋና ጸሐፊ መሬት ቢቆፍር ከደረጃው በታች እንደሚሆን ያኔ ትዝ ስላላቸው ነው። ቀስ አድርገው አወረዱት።

ወለተ ሐና ከደጇ ሆና፣ «ጌታዬ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለች።

«የምን ውሃ?» አሉ ደንግጠው።

«የሚጠጣ ነዋ። ለቀጋውማ ተከልክሏል።»

የቀራቸው አንድ መንገድ ነበር። ወደ መምሬ ገብረ ጻድቅ ቤት ሄዱ።

«አባቴ፣ ይህን ግዝት ይፍቱት።»

«በሕዝብ ፊት የታሰረ የሚፈታው በሕዝብ ፊት፣ የበላይ ሲፈቅድ ነው ጌታዬ። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።»

«እኔ ነኝ በጽሑፍ የማቀርብ?»

«ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም የተመታበት ይሁን። እኔ ለሊቀ ካህናቱ እመራዋለሁ።»

«መልሱ መቼ ይደርሳል?»

መምሬም፣ «ሰኞ ብቅ ይበሉ» አሉ።

በዚህ መካከል በግቢው የነበሩት አራቱ ቀጋዎች ጠወለጉ፤ ቀጥሎም ደረቁ። ወልደ ሐዋርያት በአጠገባቸው ባልዲ ሞልቶ ያስቀምጣል፤ አያፈስም። «ውሃም ያፈሰሰ ይላል ጌታዬ» ሲል አቶ ደጅይጥኑ ወደ ቢሯቸው ይመለሳሉ፤ ቃሉ የራሳቸው ነውና። አበባው ስለ ረገፈ ንቡ ሄደ፤ ቅጠሉ ስለ ረገፈ ወፉ ተወው። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ እንዲህ ብለው በእውነት መጻፍ ቻሉ፦ «በቁጥቋጦው ላይ እስካሁን በአራዊት የደረሰ አንዳችም ጉዳት የለም።»

ተቆጣጣሪው በመጋቢት አጋማሽ በበቅሎ መጡ። ረጅም፣ ቀጭንና ደክሟቸው የዋሉ ሰው ነበሩ። በኖራ በተቀባው ድንጋይ መካከል የቆሙትን አራት እንጨቶች ብዙ ጊዜ አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቁጥቋጦው ነው።»

«ሞቷል እኮ።»

«በዕረፍት ላይ ነው» አሉ አቶ ደጅይጥኑ።

ተቆጣጣሪው ጆሯቸውን ቀሰሩ። ከቁልቁል የሚመጣ ጉምጉምታ ነበር። ድምፁን ተከትለው መንገዱን ተሻገሩ። የወለተ ሐና አጥር ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ንቡ እንደ ጉባኤ ይንጫጫል፤ ከቅርንጫፎቹ መካከል ዋኖሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ በክፍተቱ ከተደረደረው ድንጋይ ላይ ሽኮኮ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሰው ሲመጣ እንኳ አልተነሳችም። ተቆጣጣሪው ፊታቸው በራ። አንድ አበባ ለመቅጠፍ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጌታዬ አይንኩ!» ብሎ መንደሩ በአንድ አፍ ጮኸ።

እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ነገሩን ያስረዷቸው ዘንድ ወደ አቶ ደጅይጥኑ ዞሩ። አቶ ደጅይጥኑ ግዝቱን በቀጭን ድምፅ በቃላቸው አሰሟቸው።

«ስለዚህ ከወፍና ከንብ በቀር ማንም አይነካውም?»

«ማንም።»

«ባለቤቷም?»

«እኔም አልነካውም» አለች ወለተ ሐና።

«ባለሥልጣንስ?»

«በማንም ትእዛዝ ቢሆን ይላል» አሉ አቶ ደጅይጥኑ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ተቆጣጣሪው ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ፤ የጻፉትንም አነበቡት፦ «ከጎበኘኋቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ቁጥቋጦን ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ለመጠበቅ የቻለ ይህ ብቻ ነው።» አቶ ደጅይጥኑ ሽሙጡን አልሰሙትም፤ የሰሙት «ብቻ» የምትለዋን ነው። ከበላይም ቃሉ እንደ ተጻፈ ተነበበ። ከወር በኋላ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ደብዳቤውም ሹመት ይዞ መጣ።

ግዝቱ ከተነበበበት እሑድ ጀምሮ የመምሬ ገብረ ጻድቅ ደጅ ሰው አይጠፋበትም ነበር። አንዱ ለምንጩ፣ አንዱ ለግጦሹ፣ አንዷ ከቤቷ ጀርባ ላለችው ወይራ እየመጡ፣ «አባቴ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳያስብልን ይገዝቱልን» ይላሉ።

አቶ ደጅይጥኑ በግንቦት፣ ዕቃቸው በአህያ ከተጫነ በኋላ፣ ወለተ ሐናን ሊሰናበቱ መጡ። እሷ በክፍተቱ በኩል የወደቀ ድንጋይ እያነሳች ነበር፤ ቀጋውን ሳትነካ።

«ተቀያየምን እመት?»

«ምን ያቀያይመናል? አጥሬን አስጠበቁልኝ እኮ።»

«ሥራችን ነው» አሉ በትሕትና።

«ለመሆኑ ወዴት ተሾሙ?»

«በደሃና በኩል ትልቅ የጥድና የወይራ ደን አለ። ገና ማንም እጁን ያላሳረፈበት ነው። ጥበቃውን ለእኔ ሰጥተውኛል።»

ወለተ ሐና የያዘችውን ድንጋይ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ደሃና በኩል ተመለከተች።

«እንግዲህ ደኑን እግዚአብሔር ይጠብቀው» አለች።

«አሜን!» አሉ አቶ ደጅይጥኑ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው።